ልጄ ጫማ እንዲያደርግ 40 ደቂቃ ተደራደርኩ፤ እናቴ በ1 ደቂቃ ጨረሰችው። ምኑን ነው የሳትነው?

ጠያቂ፦ አባ ድርድር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ከረዘመ ይቅርታ፤ ሌሊት ነው የምጽፈው። ልጁ ለመተኛት "የወሰነው" ገና አሁን ነው።

6 ዓመቱ ነው። እኔም ባለቤቴም ያደግነው በቀበቶ ስለሆነ፣ እሱ ገና ሆድ ውስጥ እያለ ቃል ተገባባን፦ አንመታም፣ አንጮህም፣ አናስፈራራም። በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። ከዚያ ባለቤቴ የሆነ ስልጠና ገባች፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ ቪዲዮዎቹን ማየት ጀመርኩ። ከቤታችን መጀመሪያ የተባረረው "አትንካ" ነው። ቀጥሎ "አይሆንም" ሄደ። ቀጥሎ "ጎበዝ"፣ ልጁን የሰው አስተያየት ጥገኛ ያደርገዋል ተብሎ። በመጨረሻ "ና" የምትለዋ አንድ ፊደል ራሷ ትእዛዝ ናት ተባለና እሷም ተሰናበተች። አሁን ልጄን ስጠራው "እዚህ አካባቢ ብትገኝ ደስ የሚለው ሰው አለ" ነው የምለው። እየቀለድኩ አይደለም።

ያለፈውን ሰኞ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ለመግባት 40 ደቂቃ ቀርቶናል። ልጁ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እግሩ ጫማ አለው፣ ግራው ካልሲ ብቻ። እኔ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ቪዲዮው ላይ እንደተባለው ዓይኔ ከዓይኑ እኩል እንዲሆን ቁጢጥ ብያለሁ።

"የግራ ጫማህን ስታስበው ምን ይሰማሃል?"

"አልፈልገውም።"

"አለመፈለግህን እቀበላለሁ።"

"እሺ፣ ውሰደው።"

ቪዲዮው እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አላስተማረኝም። ምርጫ ስጡት ሲሉ ስለሰማሁ "ቀዩን ነው ወይስ ሰማያዊውን?" አልኩት። "ሦስተኛውን" አለኝ። ሦስተኛ ጫማ የለንም፤ ሦስተኛው ባዶ እግር መሆኑ ነው። ጉልበቴ ደነዘዘ። 25ኛው ደቂቃ ላይ ስለ እግር ጣት ጤና ገለጻ እያደረግኩ ነበር። 30ኛው ላይ ታብሌት ቃል ገባሁ። 35ኛው ላይ "ስንት ደቂቃ ታብሌት?" የሚለው ነጥብ ላይ ተጋጨን። በመጨረሻ እሱን ትከሻዬ ላይ፣ ጫማውን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

ትምህርት ቤቱም ከእኛ አይሻልም። ባለፈው ወር ልጄ አንድ ልጅ ነከሰ። በመገናኛ ደብተሩ የመጣልን መልእክት፦ "ልጅዎ ዛሬ የግል ወሰኑን በጥርሱ ገልጿል።" የተነካሹ ደብተር ላይ ምን እንደተጻፈ ባየሁ! ካርዱ ውጤት የለውም፤ "በራሱ ፍጥነት እየፈካ ነው" ይላል። ማንበብ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። መምህሩ ፈገግ ብሎ "ከፊደላት ጋር ያለው ግንኙነት እየዳበረ ነው" አለኝ። ዓመቱ ሲያልቅ የማይሸለም ልጅ አልነበረም። የእኔው በምን ተሸለመ? "በመገኘት።" 31 ቀን ቀርቷል እኮ!

እናቴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው፣ ለ3 ቀን። ማክሰኞ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ልጄ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ፣ ቦርሳውን አዝሎ በሩ ጋ ቆሟል። ደነገጥኩ። ሄጄ ጉንጩን፣ ጆሮውን ሳይቀር አገላብጬ አየሁ፤ ምልክት የለም። "እማዬ፣ ምን አልሽው?" አልኳት። "ጫማህን አድርግ አልኩት" አለችኝ። ሌላ ነገር የለም ወይ ብል "ምን ሌላ አለው?" ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ወደ ቀበቶው አልመለስም። እንዲህ ከቀጠልኩ ግን ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ለእኔ ጉልበት የሚባል ነገር አይተርፈኝም። ምኑን ነው የሳትነው?

---

ፍካት (የንቁ አስተዳደግ አማካሪ)

ውድ አባ ድርድር፣ ውስጥህን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። ሳነብ ልቤ ተነካ።

መጀመሪያ ጫማ ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። ጫማ ሰው በልጅ እግር ላይ የሚጭነው የመጀመሪያው ገደብ ነው። ልጅህ ጫማውን እምቢ አላለም፤ ገደቡን ነው የሞገተው። እናትህን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ያደረጉት ነገር ለስላሳ ጥቃት ነው። ሁለት ጫማ አድርጎ በሩ ጋ የቆመ ልጅ ውስጡ ምን እንደተሰበረ እናውቃለን?

እኔ ቤት ሕግ የለም፤ ግብዣ ነው ያለው። ልጄን ተኛ ብዬው አላውቅም። እንቅልፍን እጋብዘዋለሁ፤ ሰውነቱ ሲዘጋጅ ግብዣዬን ይቀበላል። 40 ደቂቃ ማውራታችሁ ደግሞ ውድቀት አይደለም፣ ትስስር ነው። የሚያሳዝነው ማቋረጣችሁ ነው።

---

ኮስታራው

አንድ ኩርኩም። አለቀ።

እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው። "ስሜት" የምትሉት ነገር በእኛ ጊዜ አልነበረም፤ ቢኖርም ለማን ይነገራል? ሶቅራጥስ እንኳ ከ2400 ዓመት በፊት የዘመኑ ልጆች ቅምጥሎች ናቸው፣ ታላቅ አያከብሩም ብሎ አማርሯል። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይህኛው ደግሞ የያዘው አባቱን ነው።

---

የሁለተኛ ሀ መምህርት

ጋሽ ኮስታራው፣ ሶቅራጥስን ተዉት፤ እሱ አላለውም። ኬኔት ጆን ፍሪማን የሚባል የካምብሪጅ ሰው ጥንታውያኑ በልጆች ላይ ያሰሙትን ቅሬታ በራሱ ቃል ጠቅልሎ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ያስመረረው ሁሉ ሶቅራጥስ ላይ ይለጥፈዋል።

26 ዓመት አስተምሬያለሁ። በማስመሪያ ዘመን ገብቼ በትራስ ዘመን ጡረታ ልወጣ ነው። ሁለቱንም በእጄ ይዣቸዋለሁና ልናገር።

በመጀመሪያው ዓመቴ የእንጨት ማስመሪያ ነበረችኝ። ብዙም አልመታሁባትም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፣ ክፍሉ ዝም ይላል። በራሴ ኩራት ተሰማኝ። አንድ ቀን ማስመሪያዋ ጠፋች (ማን እንደወሰዳት ዛሬም እጠረጥራለሁ፣ አሁን ትልቅ ሰው ነው)። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ለካ ይሰሙ የነበረው እሷን ኖሯል። እኔ ያን ያህል ጊዜ ተሸካሚዋ ነበርኩ። ጋሼ፣ የኩርኩሙም ነገር ይኸው ነው፤ ኩርኩሙ የሚሠራው እጅዎ በሚደርስበት ርቀት ብቻ ነው። "ተገርፈን ሰው ሆንን" የሚለውን ደግሞ ቁጥሩ አይደግፍልዎትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌርሾፍና ግሮጋን-ኬይለር የ75 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ መዝነው ነበር፣ ከ160 ሺህ በላይ ልጆች ያሉበት። መመታት ከታዛዥነት ጋር ሳይሆን ከጠበኝነትና ሰውን ከሚጎዳ ጠባይ ጋር ነው አብሮ የተገኘው።

አሁን ወደ ትራሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተምርበት ቦታ "የመረጋጊያ ጥግ" እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ረባሽ ልጅ አይቀጣም፤ ወደ ጥጉ ይሄዳል። ጥጉ ምንጣፍ አለው፣ ሦስት ትራስ፣ የሚጨመቅ ኳስ፣ የሚያበራ ጠርሙስ። አንዱ ልጄ የጎረቤቱን ሥዕል ቀደደና ሄደ። ስሜቱን እያረጋጋ ኳሷን ሲጨምቅ እኛ የመደመር ሠንጠረዥ እንሠራለን። ከፊት የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ የማይታወቅ ልጅ ነበረችኝ። ደብተሯን አነሳች፣ አየችኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገችው። ከዚያ በጣም በትሕትና እጇን አውጥታ "መምህር፣ አሁን እኔም ልሂድ?" አለችኝ።

ምን ብዬ እመልስላት? በሚቀጥለው ሳምንት ጥጉ ወረፋ ነበረው። ሥዕሉ የተቀደደበትን ልጅ ግን ማንም ትራስ አልሰጠውም፤ በማጣበቂያ እየለጠፈ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ፍካት እህቴ፣ ልብሽ ንጹሕ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን አንድ ነገር ተደባልቆብሻል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ልጅ መምታትን በሕግ ስትከለክል ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። የከለከለችው ዱላንና ማዋረድን ነው፤ "አይሆንም" ማለትን የከለከለ ሕግ አላየሁም። ነጻነት ከተባለ ደግሞ ስኮትላንዳዊው አስተማሪ ኒል እ.ኤ.አ. በ1921 ካቋቋመው ከሳመርሂል የበለጠ ነጻ ትምህርት ቤት ጥቀሺልኝ። እዚያ ልጅ ካልፈለገ ክፍል አይገባም። ታዲያ ያ ትምህርት ቤት ሕግ የሌለው ይመስልሻል? ልጅና አዋቂ እኩል አንድ አንድ ድምፅ ይዘው በስብሰባ የሚያወጡት የሕግ መዓት አለው፤ የጣሰም ይቀጣል። ኒል ራሱ ነጻነት ሌላ፣ ስድነት ሌላ ነው እያለ ሲከራከር ነው የኖረው። ልጁ የሌላውን ሥዕል የመቅደድ ነጻነት እዚያም የለውም።

ወንድሜ አባ ድርድር፣ ያንተ ችግር ቀበቶውን መጣልህ አይደለም። ቀበቶውን ስትጥል ወላጅነቱንም አብረህ ጣልከው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳያና ባውምሪንድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርክሌይ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ስታጠና ሦስት ዓይነት ወላጅ አገኘች። አንዱ አዛዥ ነው፣ "ስላልኩህ" ብሎ የሚጨርስ። አንዱ ልቅ ነው፣ ምንም የማይጠይቅ። ሦስተኛው ፍቅሩም ሕጉም ሙሉ ነው፤ ያቅፋል፣ ያስረዳል፣ ግን ያለውን አያጥፍም። ራሳቸውን በመግዛትም ራሳቸውን በመቻልም ዝቅ ብለው የተገኙት የልቆቹ ልጆች ናቸው። ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲህ መካከለኛውን እንያዝ" ይላል። መካከለኛ አይደለም! ፍካትንና ጋሽ ኮስታራውን ቀላቅለህ ለሁለት ብታካፍል ሦስተኛው አይወጣም። ጠዋት የሚደራደር፣ ማታ የሚኮረኩም አባት ነው የሚወጣው፤ እሱን ደግሞ በየወላጅ ስብሰባው አገኘዋለሁ።

ጠዋት በር ላይ ማን ማንን ሲያሰለጥን እንደነበር አስተውል። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል ተመራማሪ ኦሪገን ውስጥ ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ አስጠንቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። ወላጅ ያዛል፣ ልጅ ይነፋረቃል፣ ወላጅ ትእዛዙን ያነሳል፣ ልጅ ዝም ይላል። ልጁ ትእዛዙ ተነሳለት፤ ወላጁም ጩኸቱ ቆመለት። ሁለቱም ተሸለሙ፤ ስለዚህ ነገም ይደግሙታል። ልጅህ ሞልቃቃ ሆኖ አይደለም 35ኛው ደቂቃ ላይ የታብሌት ዋጋ የጨመረው። 30ኛው ላይ እንደምትከፍል አይቶ ነው። ብልህ ልጅ ነው፣ ደስ ይበልህ።

ብልህ ካልኩ አይቀር "ጎበዝ"ን ያባረራችሁት ሙሉ በሙሉ በከንቱ አይደለም። ሙለርና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት እንቆቅልሽ ከፈቱ ልጆች ከፊሎቹን "ብልህ ናችሁ"፣ ከፊሎቹን "በርትታችሁ ሠርታችኋል" አሏቸው። ብልህ የተባሉት ከዚያ በኋላ ቀላሉን መረጡ፣ ሲሳሳቱ ወዲያው ፈዘዙ፣ ውጤታቸውን አጋንነው ያወሩም ነበሩ። የበረቱት ብርታታቸው የተነገረላቸው ናቸው። ልጅህ "በመገኘት" ሲሸለም ግን ብርታቱ የቱ ነው? 31 ቀን እንደቀረ እሱም ያውቃል። ልጅ የማይገባውን ሽልማት ሲቀበል ስለ ራሱ አያምንም፤ ሸላሚዎቹ መቁጠር እንደማይችሉ ነው የሚረዳው።

እናትህ ምን እንዳደረጉ አላየሁም፤ ግን እገምታለሁ። አንተ የምትለውን ጻፍልኝ ብልህ "ጫማችንን እናድርግ፣ እሺ የኔ ጌታ?" ብለህ ትጽፍልኛለህ። እስቲ ተመልከት። "ጫማችንን" አልክ፤ ጫማው የእሱ ብቻ ነው። "እናድርግ" አልክ፤ አንተ አድርገሃል። ከሁሉ የከፋችው ግን መጨረሻ ላይ ያንጠለጠልካት "እሺ?" ናት። "እሺ?" ስትል ጥያቄ ጠየቅክ፤ ጥያቄ ደግሞ ሁለት መልስ አለው። ልጁ አንዱን መረጠ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋው? እናትህ "ጫማህን አድርግ" ሲሉት "እሺ?" የለችበትም። ብለውም ሲያበቁ ቁጢጥ ብለው ፊቱን አያነቡም፤ ዞር ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ። ዞር ማለታቸው ትልቁ ነገር ነው። ልጁ የሚጫወትለት ተመልካች አጣ።

ስለዚህ አንዴ በለው፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረው፣ "እሺ?"ን አውጣና ዞር በል። ያለቅሳል። ይልቀስ፤ አጠገቡ ሁን፣ አትቆጣ፣ አትሸልም። አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ፦ መጀመሪያ ይብሳል። የለመደው ቁልፍ በሩን አልከፍት ያለው ሰው ቁልፉን ቀስ ብሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ በሩን ይነቀንቃል። ነቅንቆ ሲሰለቸው ነው የሚተወው። በነቀነቀበት ቀን ከከፈትክለት ግን፣ በቃ፣ ከነገ ጀምሮ በነቅናቂ እጅ ነህ።

መምረጥ ያለበትንም ተውለት። ቀዩ ወይስ ሰማያዊው የእሱ ነው። ማድረግ አለማድረግ የእሱ አይደለም።

---

ኮስታራው

መምህርት፣ ሶቅራጥስን ስለቀሙኝ ቅር ብሎኛል።

ልደብቅ አልችልም፤ ልጆቼን በኩርኩም ነው ያሳደግኳቸው። አሁን ሁለቱ የሚደውሉልኝ በዓመት በዓል ነው። የልጅ ልጄ ግን ትናንት መነጽሬን መሬት ጥላ ረገጠችው፤ እኔው "አይዞሽ" እያልኩ አባበልኳት። ይህን ጽሑፍ ልጄ እንዳያነብብኝ።

---

አባ ድርድር

ለተከታተላችሁ፣ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው።

"እሺ?"ን ማውጣት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያ ቀን "ጫማህን አድርግ" አልኩና አፌ ላይ ደርሳ ዋጥኳት። እንደ መምህርት ምክር ዞር ብዬ ሥራ ልሥራ ብል የምሠራው ነገር ስላልነበረኝ ያንኑ ቦርሳ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ልጁ "ስሜቴን እየሰማህ አይደለም" አለኝ። በ6 ዓመቱ! "ሰምቻለሁ፤ ጫማውን አልወደድከውም። አድርግ፣ እንሄዳለን።" 11 ደቂቃ አለቀሰ። ሁለተኛው ቀን 22 ደቂቃ ሆነ፤ አንዱን ጫማ ወረወረው፣ ጎረቤት በር አንኳኳ፣ ባለቤቴ መኝታ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ እሷም አለቀሰች። ቪዲዮ የከፈተች መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ቀን ሊረፍድብን ሲል እኔው አልብሼው ተሸክሜው ሄድኩ፤ ምንም ሳልናገር፣ ምንም ሳልከፍል። አራተኛው ቀን 4 ደቂቃ።

ዛሬ ጠዋት ግራና ቀኙን አቀያይሮ አድርጎ ወጣ። አቀያይረሃል አልኩት። "ምርጫዬ ነው" አለኝ። አሰብኩበት፤ እውነትም ይሄኛው የእሱ ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እንደ ዳክዬ ሄደ፤ እዚያ ተቀምጦ ራሱ አስተካከለው።

ለመምህሩም ደብተሩ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩለት፦ "ልጄ የነከሰውን ልጅ ይቅርታ ጠይቋል?" መልሱ፦ "በሂደቱ ላይ እየሠራን ነው።" ስለዚህ እኔው ይዤው ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቀ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ። የተነከሰው ልጅ እጅጌውን ገልጦ ቦታውን አሳየው፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲያዩት ቆዩ።

እናቴን ደውዬ ስለ "እሺ?" ነገርኳት። "ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት ያስፈልጋል?" አለችኝ።

---

ፍካት (የንቁ አስተዳደግ አማካሪ)

የሁለተኛ ሀ መምህርት፣ በሐሳብሽ ባልስማማም አከብርሻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለጓደኛዬ ነው። የመኝታ ሰዓት ላይም ይሠራል? ማለቴ፣ ልጁ ግብዣውን የማይቀበል ከሆነ። የሚብሰውስ ስንት ቀን ነው?

---

የሁለተኛ ሀ መምህርት

ይሠራል እህቴ። ከብዙ ልጅ ጋር ጥቂት ቀን ነው፤ ከአንዳንዱ ጋር ሳምንት ያልፋል። ጓደኛሽ ጋ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

---

ፍካት (የንቁ አስተዳደግ አማካሪ)

ከሌሊቱ 8 ሰዓት። አልጋው ላይ እየዘለለ ነው።